ለዶክተር ልብ ሳስተረጉም

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን አየኋት። መኪናዬ ስል የመንግሥት ነበረች፣ ከመንግሥትም በፊት የፈረንጆቹ፤ ግን መሪዋን ከእኔ በላይ የጨበጠ ሰው ስለሌለ የእኔ ናት። በጨረታ ተሸጣ አሁን ቢራ ታመላልሳለች። ከሱቄ ፊት ለፊት ቆማ ሳጥን ሲያወርዱባት፣ ሚስማር የምመዝንለትን ደንበኛ ትቼ ወጣሁና ኮፈኗን መታ መታ አደረግኋት።

"ምነው ጋሼ፣ ችግር አለ?" አለኝ ሾፌሩ።

"የለም። ሦስተኛ ማርሽ ስታስገባ ትንሽ ለምናት። ቁጣ አትወድም።"

እንደ እብድ አየኝ። እኔ በዚህ አስተያየት አልቀየምም። በዚያች መኪና በዚህ ዓይን የታየ ስንቱን ሰው አመላልሻለሁ።

ስሜ ይርጋ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ እሸጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሾፌር ነበርኩ፤ ሾፌር ብቻ ሳልሆን አስተርጓሚም። የአእምሮ ሕክምናን እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ ለማድረስ ከባሕር ማዶ መጥተው ከእኛ ሰዎች ጋር ይሠሩ የነበሩ ፈረንጆች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር ነው የሠራሁት። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ የለም። ከሬዲዮ፣ ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ካለው ጽሑፍና ከፈረንጅ አፍ ነው የለቀምኩት። ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ዲግሪ የያዙት እንኳን ስብሰባ ላይ "ይርጋ ይናገርልን" እያሉ ከኋላዬ ይቆሙ ነበር። ከኋላዬ የቆሙት ቁመቴን ፈልገው ነው የሚሉ አሉ። ቅናት ነው።

አስተርጓሚ የሆንኩት እንዲህ ነው። መጀመሪያ የተቀጠረ አስተርጓሚ ነበር፣ ከረባት የሚያስር። ሉማሜ ላይ በመጀመሪያው ቀን አንድ ታማሚ ከረባቱ ላይ ተፋበት። ልታጠብ ብሎ ወጣ። እስካሁን እየታጠበ ነው መሰለኝ፣ አልተመለሰም። ነርሷ ብቅ ብላ በመስኮት ጠራችኝ።

"አንተ ሾፌር፣ መንገድ ላይ ከፈረንጇ ጋር ስትቀልድ ሰምቻለሁ። ግባ።"

"ቀልድና ሕክምና አንድ ነው እንዴ ሲስተር?"

"ሰው ሁለቱንም የሚፈልገው ሲከፋው ነው። ግባ አልኩህ።"

ይህች ሲስተር እማዋይሽ ናት። በእኛ አካባቢ የአእምሮ ሕክምና የተማረች ነርስ ያኔ እሷ ብቻ ነበረች ማለት ይቻላል። የቄስ ልጅ ናት፤ ወፈር ያለች፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጥ። በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች "እርስዎ" ብላት "ገና ጥርሴ አልረገፈም" ብላ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ወዲያ "አንቺ" አልኳት። ፈረንጇ ደግሞ የአእምሮ ሐኪም ናት። ብርድ ካለበት አገር ነው የመጣችው፤ የደብረ ማርቆስን ሐምሌ "ደስ የሚል በጋ" ስትል ሰምቻት አዝኜላታለሁ። ስሟ ሊቭ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ግን በጎጃም አፍ ውስጥ ውላ አታድርም። በሳምንቱ ሊብ ሆነች፣ በወሩ ልብ ሆነች። "ዶክተር ልብ መጣች" ሲባል ልባቸውን የሚያማቸው ሰዎች፣ እውነተኛውን ልብ ማለቴ ነው፣ እየተሰለፉ አስቸግረውን ነበር። እሷ ሁሉንም በየተራ አዳምጣ ወደ ሆስፒታል ትልካቸዋለች።

የመጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ። አንድ ገበሬ ከሚስቱ ጋር ገብቶ ተቀመጠ። ዶክተሯ ድምፅ ይሰማው እንደሆነ ጠይቀው አለችኝ። እኔም ጠየቅሁ።

"አያ፣ ድምፅ ይሰማዎታል?"

ገበሬው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሚስቱን አየ። "ደንቆሮ ነው ብለሽ ነው እንዴ ያመጣሽኝ?"

"ጆሮው ደህና ነው ይላል" ብዬ ተረጎምኩ። ዶክተሯ "አይሰማም" ብላ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አነሳች። የሲስተር ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ በርጩማዋን ጎትታ ከገበሬው ዝቅ ብላ ተቀመጠችና ቀስ ብላ ጠየቀችው።

"አያ፣ አጠገብዎ ማንም ሳይኖር በስምዎ የሚጠራዎ አለ?"

ሰውዬው ሚስቱን ሰረቅ አድርጎ አየ።

"አለ" አለ በመጨረሻ። "የሞተው ወንድሜ ነው። ገደሉ አጠገብ ስደርስ 'ና' ይለኛል።"

ያን ጊዜ ነው ሥራው ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ። ቀልዴን ግን አልተውኩም፤ ሲስተርም ተው ብላኝ አታውቅም።

አስተርጓሚነት እንዲህ ነው፦ ከታማሚው ጀርባ፣ በትከሻው በኩል ትቀመጣለህ፣ እሱ ሐኪሟን እንጂ አንተን እንዳያይ። "እሱ እንዲህ ይላል" አትልም፤ "እኔ" እያልክ በእሱ አፍ ትናገራለህ። ስለዚህ እኔ በእነዚያ ዓመታት ብዙ ጊዜ አብጃለሁ፣ ሦስት ጊዜ ወልጃለሁ፣ አንዴም ንጉሥ ነበርኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አታሳምርም። ይህ የሲስተር ሕግ ነው። አንዴ አንድ ሽማግሌ "ሆዴ ብሶኛል" ቢሉ፣ እኔ አዋቂው "አዝኛለሁ" ብዬ አሳምሬ ሰጠሁ። ለካ ሰውዬው አዝነውም ነበር፣ ጨጓራቸውም ቆስሎ ነበር። ሲስተር መኪና ውስጥ ገሠጸችኝ። "መጀመሪያ ቃሉን ስጣት፣ ቀጥለህ ትርጉሙን። ሁለቱንም። ምን እንደሆነ እሷ ትወስን።"

ሌላም ልማድ ነበራት። ታማሚ ታስሮ ከመጣ ከሁሉ በፊት "እስቲ ገመዱን አውሱኝ" ትላለች። ቤተሰቡ ግራ ገብቶት ይፈታል፤ ለነርስ ገመድ ማን ይከለክላል? ከዚያ አትመልስም። የመኪናዬ ኋላ ገመድ በገመድ ሆኖ፣ አንድ የትራፊክ ፖሊስ በሬ እነግድ እንደሆነ ጠይቆኛል። ስንብት ላይ ደግሞ ለሁሉም ሦስት ጥያቄ አላት፤ ለሀብታምም፣ ለድሀም፣ ለቄስም፣ ለወታደርም። "ተኝተዋል? በልተዋል? መድኃኒቱን ውጠዋል?" ሌላው ሁሉ ከእነዚህ በኋላ ይደርሳል ትል ነበር።

ደመወዙ ደህና ነበር፣ አበሉ ይዘገያል፣ ሪፖርቱ አያልቅም። ስለዚህ ይህን ያህል ይበቃል። የምናፍቀው እሱን አይደለም። የምናፍቀው ጠዋት ጠዋት፣ ሲስተር ከፊት ተቀምጣ፣ ዶክተር ልብ ከኋላ ሆና ጉልበቷ መቀመጫዬን እየወጋኝ፣ በጭቃው ወደ ደብረ ኤልያስ ስንወርድ ነው። ያኔ ሁሉም ነገር የሚስተካከል ይመስለን ነበር። አብዛኛው ደግሞ ይስተካከል ነበር። እነዚያን ሁሉ ትቼ ያልተስተካከለውን ልንገራችሁ፤ ሦስታችን የምንገናኝ ጊዜ ሁሉ እሱን ነበር የምናወራው።

በሑዳዴ ጾም ነው። ደብረ ኤልያስ ጤና ጣቢያ ለወሩ ክትትል ሄደን ሳለ አንዲት ሴት ብቻዋን ገባች። ወይዘሮ ይታይሽ ትባላለች።

"እኔ ደህና ነኝ ልጄ" አለች ለሲስተር። "ባለቤቴ ናቸው። የኔታ ፈንታ።"

የኔታ ፈንታ የታወቁ የቅኔ መምህር ናቸው። ከሸዋም ከወሎም ተማሪ እየመጣ ከሥራቸው ጎጆ ይቀልሳል። ሲስተር ስማቸውን ስትሰማ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

"የት አሉ?"

"ወንበራቸው ላይ። ቅኔ ይዘርፋሉ።"

"ታዲያ የቅኔ መምህር ቅኔ ቢዘርፉ ምን ክፋት አለው?"

"አያቆሙማ። አይተኙም፣ አይቀምሱም። ደግሞ አይቆጡም።"

"ባል አልተቆጣም ብሎ የሚከስ ዛሬ አየሁ" አልኩ እኔ። "ስንቷ ለዚህ ስለት ገብታለች መሰለዎት።"

ወይዘሮ ይታይሽ አልሳቀችም። "የኔታ አንድ ፊደል ለሳተ ተማሪ ምሳቸውን ትተው የሚሟገቱ ሰው ናቸው። አሁን የመጣውን ሁሉ 'ይበል' ይላሉ። ትናንት አህያ ስትጮህ 'ይበል' አሉ።"

ይበል ማለት ለማያውቅ፣ ቅኔ ሲያምር የሚሰጥ ምስጋና ነው። ከየኔታ ፈንታ አፍ ይበል ለመስማት ተማሪ ዓመት ይጠብቅ ነበር አሉ።

ተነስተን ሄድን። የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ዛፍ ጥላ ውስጥ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ያበራል። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ከበው የሚሉትን በቃል ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ። ሲስተር ቀረብ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። አባቷ ቅኔ ሲያስተምሩ እሷ ሴት በመሆኗ ከግድግዳ ወዲያ ሆና እየሰማች ነው ያደገችው፤ ይህን ነግራኝ ነበር። ዕንባ አቀረረች።

የኔታም ተናገሩ። "የበጉ ጥላ ሲነጋ እንጀራውን ቆለፈ። ቁልፉም ወንዝ ተሻገረ።"

ተማሪዎቹ በአድናቆት አጉረመረሙ። እኔ ቃሉን እንዳለ ለዶክተር ልብ ሰጠሁ። ትርጉሙስ አለችኝ። እኔ እንኳን ትርጉሙን፣ ትርጉም እንዳለውም አላውቅ። ግን ስለ ቅኔ አስረዳኋት፤ ላዩ ሰም ነው፣ ውስጡ ወርቅ ነው፣ ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይወጣል ብዬ። እሷም ወርቁን ጠይቅልኝ አለች። አንዱ ተማሪ "የጌታ ልደት ነው" አለ፤ በግ አለ፣ እንጀራ አለ። ሌላው "የለም፣ የመጨረሻው ፍርድ ነው" አለ፤ ቁልፍ አለበትና። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የመሬት ክፍፍሉ ነው፣ እንጀራ የቆለፈብን ማን ሆነና" አለኝ።

"ሦስት ሰው ሦስት ወርቅ ሰጠኝ" አለች ዶክተር ልብ። "ራሳቸውን ብንጠይቅስ?"

"የኔታ፣ ወርቁ ምንድን ነው?" አልኩ።

ትልቁ ተማሪ ደነገጠ። "የኔታን ወርቅ አውጣ ይባላል እንዴ? ሾፌር ነህ መሰለኝ አንተ።"

የኔታ ግን አልተቆጡም። ፈገግ ብለው አዩኝና "ይበል" አሉ።

ከዚህ የበለጠ ጥልቅ መልስ ሊኖር ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኔም እጅ ነሳሁ። ወይዘሮ ይታይሽ ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች።

ሲስተር ወደ ዶክተር ልብ ዞረች። ጥቂት እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ ግን ያን ቀን "ባማርኛ ልናገረው፣ ተርጉምልኝ" አለች። "ይህ በሽታ አይደለም። በእኛ አገር ሊቅ ባንድ ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። ለውጭ ሰው መዘባረቅ ይመስለዋል።"

"እንቅልፍ የለም ብላለች እኮ ሚስትየዋ።"

"ሑዳዴ ነው። ማን ይተኛል፣ ማንስ ይበላል?"

ዶክተር ልብ የኔታን እንደገና አየቻቸው። ከዚያ ቦርሳዋን ዘጋች። "አገሩ የእናንተ ነው። እናንተ ታውቃላችሁ።"

"መድኃኒት የለም ማለት ነው?" አለች ወይዘሮ ይታይሽ።

"ከፋሲካ በኋላ መጥተን እናያቸዋለን" አለቻት ሲስተር።

ከፋሲካ በኋላ ስንሄድ ወንበሩ ባዶ ነበር። የስቅለት ማግስት ጋቢያቸውን ዛፉ ላይ ሰቅለው ወደ ዓባይ በረሃ ወረዱ። ተማሪዎቹ ተከትለዋቸው ነበር፤ አንድ ጎራ ላይ ጠፉባቸው። ትንሽ ጠበቁ፣ ከዚያ አኩፋዳቸውን አንጠልጥለው ሌላ መምህር ፍለጋ ተበተኑ። ጎጆዎቹ በራቸውን ከፍተው ቀሩ። ወይዘሮ ይታይሽ ደጅ ላይ አገኘችን። አልሰደበችንም። ብትሰድበን ይሻለን ነበር።

"ከፋሲካ በኋላ ብላችሁኝ ነበር" አለች። "ይኸው ፋሲካ አለፈ።"

ፍለጋ ገባን። ፎቶ የላቸውም፣ ተነስተው አያውቁም። ምልክት ምን እንስጥ? መጀመሪያ "ቅኔ የሚያውቅ እብድ አይታችኋል?" እያልኩ እጠይቅ ነበር። ሰዉ "የትኛውን?" ይለኛል። በጎጃም ይህ ምልክት አይሆንም።

በየክሊኒኩ፣ በየገበያው፣ በየጠበሉ ጠየቅን። ክረምቱ ገባ። ዶክተር ልብ ወደ አገሯ የምትመለስበት ጊዜ ደርሶ ነበር፤ አራዘመች። አንድ ቀን ከሉማሜ ስንመለስ፣ ዝናቡ መስታወቱን ሲደበድብ፣ ከኋላ ድንገት መናገር ጀመረች። ያን ቀን የተናገረችው ሁሉ በአፌ ያለፈ ስለሆነ አልረሳውም።

"አሟቸው እንደነበር አውቄያለሁ። እንግዳ ስለሆንኩ ዝም አልኩ። ነጭ መጥታ ሊቃችንን እብድ አለች እንዳትሉኝ ፈርቼ።"

ሲስተር ወደ ኋላ ሳትዞር መለሰች። "እኔ ደግሞ የቄስ ልጅ ስለሆንኩ አላየሁም። ማየት አልፈለግሁም። አንቺ ካወቅሽ ለምን አልጮህሽብኝም?"

"በአገርሽ ላይ ልጩህብሽ?"

"ታዲያ የመጣሽው ለምንድን ነው? በእኔ ሐሳብ ለመስማማት ከሆነ እኔ ብቻዬን ከራሴ ጋር እስማማለሁ።"

ሁለት ሴት ሲጣሉ መሃል መግባት አደገኛ ነው፤ ለእኔ ግን ሥራዬ ነበር። ወደ ፊት እየነዳሁ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በኋላ፣ ስድቡን ሳላሳምር አቀባበልኩ። ከደብረ ማርቆስ መግቢያ ስንደርስ ሁለቱም ደክሟቸው ዝም አሉ። እኔም ድምፄ ዘግቶ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በየታማሚው ላይ ይከራከሩ ጀመር። አንዷ "ባህል ነው" ስትል ሌላዋ "አስረጂኝ" ትላለች፤ አንዷ "በሽታ ነው" ስትል ሌላዋ "በምን አወቅሽ?" ትላለች። ትብብር የሚሉት ነገር፣ ስብሰባ ላይ ባነር ተሰቅሎ የሚወራለት ማለቴ ነው፣ በእኔ ግምት የተጀመረው ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ነው። ባነር ግን አልነበረንም።

የኔታ የተገኙት ከመስቀል በኋላ ነው። ከአማኑኤል ከተማ ወዲያ ካለ ጠበል የሚያጠምቁ ቄስ ሰው ላኩብን። "የሚሉት አይገባኝም፣ ግእዛቸው ግን የጉባኤ ቤት ነው" ብለው። አማኑኤል ልንሄድ ነው ብዬ ለጓደኞቼ ስናገር ሁሉም "ማን አበደ?" ይሉኛል፤ አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል እየመሰላቸው። ያን ቀን ግን ማስረዳትም ሆነ መሳቅ አላሰኘኝም።

ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሰንሰለት ነበር። ሥጋው ቆስሎ ብረቱን ሊውጠው ደርሷል። አጥማቂው ቄስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ገደል ገብተው እንዳይሞቱ ነው ያሰርኳቸው አሉ፤ ከራሳቸው ቁራሽም ያጎርሷቸው ነበር። ሲስተር እንደ ልማዷ "እስቲ ሰንሰለቱን አውሱኝ" ልትል ጀመረች። ዶክተር ልብ ናት በተሰባበረ አማርኛዋ የጨረሰችው።

ከዚያ ድርድር ሆነ።

"ጠበሉን እርስዎ ያጥምቁ፣ ኪኒኑን እኔ እሰጣለሁ" አለች ሲስተር። "እግዚአብሔር በየትኛው እንደተጠቀመ እሱ ያውቃል።"

"ኪኒኑ ከጠበሉ በፊት ነው በኋላ?" አሉ ቄሱ።

"በኋላ። በባዶ ሆድ የእርስዎን ይቅመሱ፣ ከቁርስ ጋር የእኔን።"

ቄሱ አሰቡበት። "መልካም። ግን በጠበሌ ይዋጡት።" እንዲህ ሆነ፣ ዶክተር ልብም አልተቃወመችም፤ ውሃ ውሃ ነው አለች።

በየሳምንቱ እንመላለስ ነበር። መጀመሪያ ተኙ። ቀጥሎ ምግብ ጠየቁ። አንድ ቀን እኔ እነሱን ላዝናና ብዬ ራሴ የገጠምኩትን ግጥም አወረድኩት፤ ስለ ራሴ ነበር፣ ሾፌርነቴን ከአንበሳ ጋር የሚያነጻጽር። የኔታ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ቤት አይመታም" አሉ። "ደግሞም ውሸት ነው።"

ሲስተር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ መስሎኝ ነበር፣ አልነበረም።

"ምን አሉ?" አለች ዶክተር ልብ።

"ግጥምህ አይረባም አሉ።"

"እሷ ለምን ታለቅሳለች?"

"ስላረሙኝ" አልኳት። በሕይወቴ ግጥሜ ተሰድቦ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ቤታቸው ልንመልሳቸው ስንነሳ ሲስተር እግራቸው ሥር ተንበርክካ ይቅርታ ጠየቀች። የኔታ ትከሻዋን ይዘው አስነሷት።

"ልጄ፣ አከበራችሁኝና ጠፋሁ" አሉ። "የበሬ ሐኪም ብትሆኑ ኖሮ ቶሎ ትደርሱልኝ ነበር።"

ቃሉን እንዳለ ለዶክተር ልብ ሰጠሁ። ትርጉም አልጠየቀችኝም።

ቤታቸው ገቡ። እግራቸው ያነክሳል። ከዛፉ ሥር ግን የሚጠብቅ አልነበረም። የቅኔ ተማሪ መምህሩን ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ "የኔታ ፈንታ አበዱ" የሚለው ወሬ ደግሞ "ዳኑ" ከሚለው ይልቅ ፈጣን እግር አለው። የኔታ በየጠዋቱ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ዓመት አለፈ፣ ሌላም አለፈ። በየወሩ መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ሲስተር ሦስቱን ጥያቄ ትጠይቃቸዋለች። አራተኛውን፣ "ተማሪ መጣ?" የሚለውን፣ አትጠይቅም ነበር። በዓይኗ ግን ትጠይቃለች፣ እሳቸውም አልመጣም በሚል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ከዚያ ፕሮጀክቱ አለቀ። ዶክተር ልብ የጤና ጣቢያ ነርሶችን አሠልጥና፣ እኔ አላስፈልጋችሁም ብላ ሄደች። እውነቷን ነው፤ ዛሬ ደብረ ኤልያስ ላይ መድኃኒቱን የሚሰጡት የእኛው ልጆች ናቸው፣ በአማርኛ ጠይቀው በአማርኛ ይሰማሉ። አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ሥራ ቀረ። ጥሩ ነገር ነው። ጥሩ ነገር መሆኑን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ። ሚስማር ሳትናገር ትመዘናለች።

ሲስተር ጡረታ ወጥታ ብዙ አልቆየችም። አረፈች። ቀብሯ ላይ የኔታ እያነከሱ መጡ። ካህናቱ ቅኔ ይበሉላት ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። እሳቸው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ።

"ለእሷ በግልጽ ነው የምናገረው" አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ "ሲስተር፣ ተኝቻለሁ። በልቻለሁ። መድኃኒቴን ውጫለሁ" አሏት።

ሕዝቡ ምን እንደሆነ አልገባውም። እኔ ግን ገብቶኝ ፊቴን አዞርኩ።

ይህ ካለፈ በኋላ ነው። በዚህ ሰኔ፣ መኪናዋን ባየሁ ማግስት፣ ወይዘሮ ይታይሽ ሱቄ ገባች። ሸምግላለች፣ መቋሚያ ይዛለች።

"ሚስማር ስጠኝ ልጄ፣ የበር።"

"ቤት ልትሠሩ ነው እማማ?"

"የጎጆ በር ነው" አለች፤ ፊቷን ልትደብቀኝ ሞከረች። "የተማሪ ጎጆ። አራት ሆነዋል። የኔታ ትናንት አንዱን ሲቆጡት ጎረቤት ሁሉ ሰማ።"

ሚስማሩን አልመዘንኩም። እፍኜን ሞልቼ፣ ደግሜ ሞልቼ ሰጠኋት። እሷ ስትወጣ ስልኬን አንስቼ ለመደወል ቁጥር ፈለግሁ፤ የፈለግሁት ቁጥር የሲስተር ነበር። ጣቴ ስሟ ላይ ደርሶ ቆመ።

ስለዚህ ለዶክተር ልብ መልእክት ጻፍኩ። መምህር ተማሪ ሰብስቦ ማስተማር ሲጀምር በእኛ አባባል "ወንበር ዘረጋ" ይባላል። ለዚህ እንግሊዝኛ አጣሁ፤ እኔ ይርጋ እንግሊዝኛ አጣሁ። መጀመሪያ ቃሉን ስጥ በሚለው ሕግ መሠረት ቃል በቃል ጽፌ ላክሁት፦ የኔታ ፈንታ ወንበራቸውን ዘረጉት ብዬ። ትርጉሙን ልቀጥል ስል መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክም አብሮ ሄደ።

ገና ሳይመሽ፣ ኔትወርኩ ሲመለስ ወዲያው ደወለች። ድምፅዋ ደንግጧል። "ይርጋ፣ የምን ወንበር ነው? ሰባበሩት? ኪኒን ጨርሰዋል? አሁን ማን አብሯቸው አለ?"

ስቄ ስቄ ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ከዚያ ነገርኳት። አራት ተማሪ፣ ጎጆ፣ በር፣ ቁጣ።

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ።

"እማዋይሽ ብትሰማ" አለች ቆይታ።

"አዎ።"

"ይርጋ፣ እንግሊዝኛውን ተወውና ባማርኛ አውራኝ። የፈለግኸውን። እዚህ ማንም አያወራኝም።"

እኔ ደግሞ ወሬ መቼ ይጠፋኛል። ስለ መኪናችን ነገርኳት፣ ቢራ እንደምትጭን። ስለ መንገዱ፣ ስለ ጭቃው፣ መቀመጫዬን ስለሚወጋው ጉልበቷ። ግማሹ አይገባትም፤ እሷ ግን "እህ፣ እህ" ትላለች፣ እኔም እቀጥላለሁ። ይህን እያወራሁ ሳለ የሰኔ ዝናብ ድንገት መጣ። የሱቄ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ሲመታው ሰው ከሰው አይደማመጥም። ድምፄ ስለጠፋ ስልኩን ወደ ጣሪያው አነሳሁላት። ክንዴ እስኪዝል ያዝኩት።

አንድ ደንበኛ ጆንያ ራሱ ላይ አድርጎ እየሮጠ ገባና ቆሞ አየኝ።

"ምን እያደረግህ ነው?" ብሎ ጮኸ በዝናቡ ላይ።

"እያስተረጎምኩ ነው" አልኩት።